የባልቲክ ባሕር ባዕዳን ትሎች

አንድ መርከብ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባሕር ውኃ ወደ ታችኛው ክፍሉ ይስባል። ይህ ውኃ «ባላስት» ይባላል። በሌላ ወደብ ዕቃ ሲጭን ውኃውን መልሶ ይደፋዋል፤ በዓይን የማይታዩ እጮችም አብረው ይፈስሳሉ። ማሬንዘሌሪያ የተባሉት የባሕር ትሎች ከሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገሩት በዚህ መንገድ እንደሆነ ይገመታል። በባልቲክ ባሕር መጀመሪያ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1985 በጀርመን ጠረፍ ሲሆን፣ እጮቻቸው ለሳምንታት ከውኃው ጋር ስለሚጓዙ በ1990 ፊንላንድ ደርሰዋል። አንድ ይመስሉ የነበሩት ትሎች ሦስት ዝርያዎች መሆናቸው የታወቀው ቆይቶ በዘረመል ምርመራ ነው።

ትል በባሕር ወለል ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳናል። ኦክስጅን በዲፊውዥን ብቻ የሚዘልቀው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። የዲፊውዥን ኮኤፊሸንቱን በሴኮንድ 10⁻⁹ ካሬ ሜትር ብንወስድ፣ 1 ሚሊሜትር ለመዝለቅ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ለ30 ሴንቲሜትር ግን ርቀቱ 300 ጊዜ ሲያድግ ጊዜው 90,000 ጊዜ ስለሚያድግ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ያስፈልጋል (ተማሪዎች ራሳችሁ አስሉት)። በመንገዱም ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ከዚህ የተነሣ ጥልቁ ጭቃ አየር አልባ ነው። ማሬንዘሌሪያ ግን 30 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ቆፍሮ ውኃን ከነኦክስጅኑ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል።

ጉዳዩ ለባልቲክ ቀላል አይደለም። በጭቃው ውስጥ ያለ ብረት ኦክስጅን ሲያገኝ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ይለቀዋል። የተለቀቀው ፎስፈረስ ዋቅላሚዎችን ይመግባል፤ ዋቅላሚዎቹ ሞተው ሲበሰብሱ ደግሞ የቀረውን ኦክስጅን ይፈጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ትሎቹ ይህን አዙሪት ሊያላሉ እንደሚችሉ በሒሳብ ሞዴል አሳይቷል።

እንግዲያው ባዕዱ ትል ጠቃሚ ነው እንበል? እኔ አልቸኩልም። ያው ቁፋሮ ለዓመታት ተቀብረው የቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን ወደ ውኃው መልሶ እንደሚያወጣ የላቦራቶሪ ሙከራዎች አመልክተዋል። ሞዴሉ የሚመዝነው ኦክስጅንንና ፎስፈረስን እንጂ ይህን ጉዳት አይደለም። በመላው ባሕር የተሠራጨን ትል ለቅሞ ማውጣትም አይቻልም።

የሚቻለው ቀጣዩን መጤ መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የባላስት ውኃ ስምምነት በመስከረም 2017 በሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱ የሚመለከታቸው መርከቦችም ብዙዎቹ ውኃውን ከመድፋታቸው በፊት አጣርተው በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በኬሚካል ያክሙታል።