ፈጣኑን ሰርቨር ጠርጥሪ

ሰናይት፦ ጋሼ መርዕድ፣ ሦስት ሰርቨሮች ላይ አንድ ዓይነት ዳታቤዝ ጫንኩ፤ ፖስትግሬስ ነው። ዲስኮቹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳታ። ዊንዶውስ ሰርቨሩ በሰከንድ 3,000 ትራንዛክሽን ይመዘግባል፤ ፍሪቢኤስዲውም ከዚያ አያንስም። ሊኑክሱ ግን 100 ላይ ይንፏቀቃል። ምን ባደርገው ይሻላል?

ጋሼ መርዕድ፦ እሱን ለጊዜው ተይው። እኔ የምጠረጥረው ሁለቱን ነው።

ሰናይት፦ ፈጣኖቹን?

ጋሼ መርዕድ፦ አዎ። 7,200ን ለ60 አካፍዪልኝ።

ሰናይት፦ 120።

ጋሼ መርዕድ፦ ዲስኩ በሰከንድ የሚዞረው 120 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዳታቤዙ አንድ ትራንዛክሽን ጽፎ «መጻፉን አረጋግጥልኝ» ብሎ ከጠበቀ፣ ቀጣዩን የሚጽፍበት ቦታ ዞሮ መጻፊያው ሄድ ሥር እስኪመጣ መታገሥ አለበት። አንድ ተጠቃሚ ብቻውን እየጻፈ ከ120 ብዙም አያልፍም። በአንድ ተጠቃሚ ለክተሽ ከሆነ፣ 3,000 ያሳየሽ ሰርቨር ገና የዲስኩ ሳህን ላይ አልጻፈም።

ሰናይት፦ ታዲያ የት ነው ያኖረው?

ጋሼ መርዕድ፦ መዝገብ ቤት ደብዳቤ አስገብተሽ ታውቂ የለ? ጸሐፊዋ ተቀብላ ጠረጴዛዋ ላይ ስታስቀምጠውም «ገብቷል» ትልሻለች፤ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ ነው። ሰርቨር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ብዙ ነው፦ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራም አለ፣ ካለ የሬይድ ኮንትሮለሩ ካሽ አለ፣ ዲስኩ ራሱም የራሱ ትንሽ ሜሞሪ አለው።

ሰናይት፦ ዊንዶውሱስ የቱ ላይ ነው ያስቀረው?

ጋሼ መርዕድ፦ የዲስኩ ካሽ ላይ ይመስለኛል። ፖስትግሬስ ሎጉ መጻፉን የሚያረጋግጥበት መንገድ እንደየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይለያል። ካልቀየርሽው በቀር ዊንዶውስ ላይ «ኦፕን ዳታሲንክ» ነው፣ ሊኑክስ ላይ «ኤፍዳታሲንክ»። የመጀመሪያው የዊንዶውስን ካሽ አልፎ ይሄዳል እንጂ የዲስኩን ካሽ አያስራግፍም፤ ሁለተኛው ያስራግፋል። ዳታቤዙ አንድ ነው ብለሽ አነጻጸርሽ፤ የታዘዙት ግን የተለያየ ነው። ዊንዶውሱ ላይ «ወል ሲንክ ሜተድ» የሚለውን የፖስትግሬስ ሴቲንግ «ኤፍሲንክ» አድርጊና እንደገና ለኪ። ቁጥሩ ወርዶ ከሊኑክሱ አጠገብ ከተቀመጠ ነገሩ ተፈታ።

ሰናይት፦ ፍሪቢኤስዲው ዜድኤፍኤስ ነው።

ጋሼ መርዕድ፦ «ዜድኤፍኤስ ጌት ሲንክ» ብለሽ ጠይቂው። «ዲሴብልድ» ካለሽ አንዱ ፍጥነት ፈልጎ አጥፍቶታል። እንዲህ ሲሆን ዳታቤዙ አረጋግጥልኝ ባለው ቁጥር እሺ እያለ ራም ላይ ያቆየዋል። መብራት ቢሄድ ፋይል ሲስተሙ አይበላሽም፤ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሽያጭ ግን የለም። ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ምን ልትዪው ነው?

ሰናይት፦ እኔ እኮ በዲዲ ትእዛዝም የዲስኩን ፍጥነት ለክቼ ነበር። ያ የዘገመው ሊኑክስ በሰከንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሰጠኝ።

ጋሼ መርዕድ፦ እሱ የራምሽ ፍጥነት ነው። ዲዲ ላይ «ኮንቭ» ብለሽ «ኤፍዳታሲንክ» ካልጨመርሽበት ዲስኩን አይጠብቅም። ሊኑክስ እንደተለመደው ከተተወ፣ ያልተጻፈው ዳታ ሊጠቀምበት ከሚችለው ራም 10 በመቶ ሲሞላ ከጀርባ መጻፍ ይጀምራል፤ 20 በመቶ ሲደርስ የሚጽፈውን ፕሮግራም ራሱን ያስቆመዋል። ትልቅ ፋይል ስትገለብጪ መጀመሪያ በርሮ በርሮ ከዚያ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን አይቶ ደህና ዲስክ የሚያስቀይር ስንት ባለሙያ አለ መሰለሽ! ለቁም ነገር ፊዮ የሚባለውን የዲስክ መለኪያ ተጠቀሚ፤ ሦስቱም ላይ ይሠራል። 4 ኪሎባይት፣ 4 ኪሎባይት ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ኤፍሲንክ ይጠየቅ።

ሰናይት፦ በእርግጥ የዘገመም አለ። የሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር ባለፈው ሳምንት ደህና ነበር፣ ማንም ምንም አልነካውም፤ ዛሬ ሰዉ እያማረረ ነው።

ጋሼ መርዕድ፦ ሬይድ 5 ነው?

ሰናይት፦ አዎ፣ ባለ አራት ዲስክ። ኮንትሮለር አለው።

ጋሼ መርዕድ፦ እንግዲያው ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ እሱን አትንኪው። ሬይድ 5 ላይ አንዲት ትንሽ ጽሕፈት አራት ሥራ ናት፦ የድሮውን ዳታ ማንበብ፣ የድሮውን ፓሪቲ ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም አድሶ መጻፍ። ይህን ድካም የሚሸፍነው ባትሪ ያለው የኮንትሮለሩ ካሽ ነው። ባትሪው ሲሞት ኮንትሮለሩ ካሹን ማመን ትቶ በቀጥታ ዲስኩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይም ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም። የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር ክፈቺው እስቲ።

ሰናይት፦ ባትሪው «ፌይልድ» ይላል። ሞዱም «ራይት ስሩ» ሆኗል። ግን ባትሪ ባይኖርም «ራይት ባክ» ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ ልጫነው? ዩፒኤስ እኮ አለን።

ጋሼ መርዕድ፦ ዩፒኤሱ መብራት ሲሄድ ነው የሚደርስልሽ፤ የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ምን ያደርግልሻል? አትንኪው። ባትሪው ዛሬውኑ ይታዘዝ። እስኪመጣ የዳታቤዙን ሎግ ብቻ ወደ ኤስኤስዲ አዛውሪው፤ ኃይል ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው፣ ለሰርቨር የተሠራ ይሁን። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ አምጥተሽ እንዳትሰኪብኝ።