ፍግ በኩንታል ስትገዙ ምን እየገዛችሁ ነው?

የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ። እስከዚያ በውስጥ መስመር የሚደጋገመውን ጥያቄ እንይ፦ «ማዳበሪያ ተወደደ፣ ከጨንቻ ፍግ በአይሱዙ አውርጄ አትክልት ባለማ ያዋጣኛል?» ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፤ ማዳበሪያው ከውጭ ነዋ የሚገባው።

መጀመሪያ ስሌቱ። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው። የደረቀ የከብት ፍግ በኩንታል 1.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ የዩሪያውን ዋጋ ለ46 አካፍሉ፣ በ1.5 አባዙ። ስሌቱ እንዲቀል ዩሪያ 9,200 ብር ነው እንበል፤ ኪሎ ናይትሮጂን 200፣ ኩንታል ደረቅ ፍግ 300 ብር ይመጣል። ትኩስ እበት ግን ከመቶ 80 እጁ ውሃ ነው። ያው ኩንታል ወደ 60 ብር ይወርዳል፣ የመኪናው ኪራይ ግን አይወርድም። ውሃ ጭናችሁ ቁልቁል ወረዳችሁ ማለት ነው!

በዚያ ላይ ተክሉ በመጀመሪያው ምርት የሚያገኘው ከናይትሮጂኑ ከፊሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። መሬት ለአንድ ምርት የተከራየ ሰው ፍግ ሲያፈስ ግማሹን ለባለመሬቱ እየሰጠ ነው። ኮንትራቱን ለሁለት ሦስት ዓመት ካላደረጋችሁ አልመክርም።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ዩሪያ የማይሰጠውን ስለሚሰጥ። ፎስፈረስና ፖታሽ አለው፣ አፈሩን ያላላል፣ ውሃ ያስይዛል። በቆላው ፓምፕ በነዳጅ ለሚያስነሳ ሰው ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ደጋው ላይ ጉዳዩ ይብሳል። የጨንቻ አፈር አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ፎስፈረሱን ጨብጦ ስለሚይዘው ኤንፒኤስ ብትጨምሩም ድንቹ በደንብ አያገኘውም። ፍግ ይህን ያለዝባል። ግን ከቤት አጠገብ ያለው እንሰት ቀድሞ ስለሚወስደው ራቅ ያለው ማሳ እንደተራበ ነው። እንግዲህ ይሄንኑ ፍግ ወደ አርባ ምንጭ ሸጦ ነገ ኖራ ፍለጋ መዞር ለእኔ ንግድ አይመስለኝም። የቆላው ሰው ከቅርቡ ከብት አርቢ ይግዛ።

ስትገዙ የተብላላውን ምረጡ። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘር ያመጣል፣ ሰላጣና ካሮት ላይ ደግሞ በሽታ ያስከትላል። ለወራት ተከምሮ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ተሸፍኖ የቆየ ይሁን። ክብደት ለመጨመር አሸዋ የሚቀላቅል አይጠፋም፤ አንድ እፍኝ በባልዲ ውሃ በጥብጡ፣ አሸዋው ታች ይቀራል።