ተጫዋቹን የበግ ውሻ ስለ ማስተማር

ልጆች ሆይ፥ የውሻ ሥራ በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። በአገራችን ውሻ ሌሊት ደጅ ይጠብቃል፥ ጅብ ሲመጣም ይጮኻል፤ በጎችን ወደ መስክ የሚያሰማራ፥ ማታም ወደ ጉረኖ የሚመልስ እረኛው ልጅ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ባለው ኮረብታማ አገር ግን በጎችን የሚሰበስበው ውሻው ነው። እረኛው ከታች ቆሞ ያፏጫል፤ ውሻው ወደ ላይ ሮጦ በጎቹን በስተኋላ ይከባቸውና ወደ ጌታው ያመጣቸዋል። ይህ የውሻ ዘር ቦርደር ኮሊ ይባላል፤ ቦርደር ማለት ወሰን ማለት ነው። ዛሬ ያሉት ቦርደር ኮሊዎች ከጥቂቶች በቀር ሄምፕ ከሚባል ውሻ የተወለዱ ናቸው፤ እርሱም በ1893 ዓመት በኖርዘምበርላንድ ተወልዶ፥ በጎችን በጸጥታ በማዘዙ የታወቀ ነበር። (በዚህ ምንባብ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዘር ቡችላ ጨዋታ አይጠግብም። ነፋስ ቅጠል ሲያንከባልል አይቶ ያደባል፥ ዶሮ ያባርራል፥ የሚሮጥ ልጅ ሲያገኝም ተረከዙን ሊይዝ ይሞክራል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። የውሻ የጥንት ዘመዱ ተኵላ ሲያድን አስቀድሞ ትኵር ብሎ ያያል፥ ቀጥሎ ያደባል፥ ከዚያም ያባርራል፥ በመጨረሻ ይዞ ይገድላል። የወሰኑ አገር እረኞች ማየትንና ማድባትን ማባረርንም የሚወዱትን፥ ለመግደል ግን የማይቸኩሉትን ውሾች በብዙ ትውልድ እየመረጡ አራቡ። ስለዚህ በቡችላው ጨዋታ ውስጥ የኋለኛው ሥራው አለ። ጨዋታውን በዱላ የሚያጠፋበት ሰው ሥራውንም ያጠፋበታል።

ሳይማር የተተወ ቡችላ ደግሞ አንድ ቀን በጎችን እንደ ጨዋታ ማባረር ይጀምራል። እርጉዝ በግ ስትባረር ልትጨነግፍ ትችላለች፤ ሌሎቹም ደንግጠው ከገደል ይወድቃሉ። በእንግሊዝ አገር በ1953 ዓመት በወጣው ሕግ በጎችን ያስጨነቀ ውሻ ባለቤቱ ይቀጣል። በ1971 ዓመት የወጣው ሕግም፥ በጎቹን ለማዳን ሌላ መንገድ ያጣ ገበሬ ውሻውን ተኵሶ ቢገድል አይፈርድበትም። እንግዲህ ቡችላው በኳስ የሚማረው ትምህርት ነፍሱን የሚያድንለት ነው።

ኳሱ ለስላሳ፥ ከጕሮሮውም የሚበልጥ ይሁን፤ ትንሽ ኳስ ገብታ ታንቀዋለችና። ድንጋይ ጥርስ ይሰብራል፥ እንጨትም ላንቃ ይወጋል። ቡችላ ከአራተኛው ወር ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ወር ገደማ የወተት ጥርሱን ስለሚለውጥ፥ በዚያ ወራት በአፉ የያዘውን ነገር መጎተት ያሳምመዋል።

መጀመሪያ ኳሱን በአጠገብህ አንከባልልለት። ባነሣው ጊዜ ስሙን ጠርተህ «አምጣ» በለው፥ አንተም ወደ ኋላህ ሽሽ። ብዙ ልጆች በዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ቡችላው ኳሱን ይዞ ሲሄድ እየጮኹ ይከተሉታል። እርሱም አባሮሽ የተጀመረ መስሎት ደስ ይለዋል፥ በማግሥቱም የባሰውን ይሸሻል። አንተ የሸሸህ እንደ ሆነ ግን ያው የማባረር ጠባዩ ወደ አንተ ያመጣዋል።

ሲደርስ ኳሱን ለመንጠቅ አትቸኵል። ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ለውሻውም ለልጁም ከባድ ነው። ኳሱን በአፉ እንደያዘ ደረቱን እሸው፥ ከዚያም ቍራጭ ሥጋ ወደ አፍንጫው አቅርብ። አፉን ሲከፍት «ልቀቅ» በለው፥ ሥጋውን ስጠው፥ ኳሱንም ወዲያው መልሰህ ወርውርለት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥጋው አያስፈልግም፤ የለቀቀው ኳስ እንደገና እንደሚወረወር ያውቃልና። እምቢ ቢልም አትምታው። እጅህን አጣጥፈህ ዝም ብለህ ቁም፤ የማይንቀሳቀስ ኳስና የማይንቀሳቀስ ልጅ ቶሎ ይሰለቹታል። ከአፉ በኃይል የሚነጠቅ ውሻ ግን ጥርሱን ማጥበቅ ይማራል፥ አንዳንዱም እጅ ይነክሳል።

መቅለብን ለማስተማር በዳቦ ፍርፋሪ ጀምር። ከፊቱ ቆመህ ወደ አፉ በዝግታ ጣልለት። በመጀመሪያው ቀን ፍርፋሪው አፍንጫውን እየመታ ይወድቃል፥ እርሱም ግራ ገብቶት ያይሃል። መሬት የወደቀውን ቀድመኸው አንሣ፤ የቀለበውን ብቻ ይብላ። ሲለምድ ለስላሳውን ኳስ ዝቅ አድርገህ ወርውርለት፤ አጥንቱ ያልጠና ቡችላ ከፍ ብሎ መዝለል የለበትምና። ይህ ዘር ሲደክመው አያስታውቅም፥ በፀሐይም እስኪወድቅ ድረስ ይሮጣል። ስለዚህ ገና እየጓጓ ሳለ ጨዋታውን አቁም።

በጨዋታ ብቻ ብዙ መማር እንደሚቻል ቼዘር የምትባል የዚሁ ዘር ሴት ውሻ አሳይታለች። በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ጆን ፒሊ የሚባሉ ጡረተኛ የሥነ ልቡና መምህር ከ2004 ዓመት ጀምሮ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ያስተምሯት ነበር። አንድ መጫወቻ ብቻ ያሳዩአታል፥ ስሙን ደጋግመው ይነግሯታል፥ ከዚያም ደብቀው «አምጪ» ይሏታል። ደመወዟም ሥጋ ሳይሆን ጨዋታና ምስጋና ነበር። በሦስት ዓመት የ1022 ዕቃዎችን ስም ዐወቀች፤ ነገሩም በ2011 ዓመት ታትሞ ለሊቃውንት ቀረበ። ሰምታው የማታውቀውን ስም ሲጠሩላት እንኳ፥ ከምታውቃቸው ዕቃዎች መካከል አዲሱን ለይታ ታመጣ ነበር። ቼዘር በ2019 ዓመት ሞተች።

ማምጣትንና መልቀቅን የለመደ ውሻ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ረጅም ገመድ ታስሮለት ጸጥ ወዳሉ ጥቂት በጎች ይወሰዳል። ኳሱ ቤት ይቀራል፤ በግ በአፍ አይያዝምና። በዚያ በግራ የሚዞርበትን ቃል፥ በቀኝም የሚዞርበትን ቃል፥ የሚተኛበትንም ቃል ይማራል። ሥራው ሲያልቅ የወሰኑ አገር እረኛ በቋንቋው «ይበቃል» ይለዋል፤ ውሻውም በጎቹን ትቶ ወደ እረኛው ይመለሳል። በመጀመሪያው ሰሞን ግን ሲመለስ አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ በጎቹን ያያል።