ሮምን በቁጠባ ለማየት፦ ባለ ሥዕል የጉዞ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለጉዞ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመ ሰው መጽሐፍ መሸጫ ገብቶ የሚታለለው በሽፋን ነው። እኔም ተታልዬ አውቃለሁ። ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳ ኮሎሲየም ሽፋኑ ላይ ያለበት፣ ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ ሦስት ቀን ትከሻዬን አጎበጠኝ። የሚያናድደው ግን ክብደቱ አልነበረም፤ ፎቶዎቹ የሚያሳዩኝ ፊት ለፊቴ የቆመውን ነገር መሆኑ ነው። እሱንማ በዓይኔ አየሁት!

ሥዕሉ በዓይን የማይታየውን ያሳያል? ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። የሮማውያን ፎረም አስጎብኚ ለሌለው ሰው የድንጋይ ክምር ነው፤ እዚህ ሦስት ዓምድ፣ እዚያ የግንብ ስባሪ። ሕንፃው ሳይፈርስ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ካለ ግን አስጎብኚ ባይቀጥሩም ይገባዎታል። ለኮሎሲየም የሚከፍሉት ትኬት ፎረሙንና የፓላቲኖን ኮረብታ ስለሚጨምር፣ ከፍለው ገብተው ሳይገባዎት ቢወጡ ኪሳራው የእርስዎ ነው። መጽሐፉን ለመፈተን የሳን ክሌሜንቴን ቤተ ክርስቲያን ይፈልጉበት። ላይኛው በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የ4ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከዚያም ሥር ሚትራ የተባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ቦታ። ሕንፃውን እንደ ዳቦ ቆርጦ ሦስቱንም ደርብ በአንድ ገጽ የሚያሳይ መጽሐፍ ዋጋው ይገባዋል። የመሠዊያውን ፎቶ ብቻ ለጥፎ የሚያልፈውን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያኑሩት።

መቼ ታተመ? ያገለገለ መጽሐፍ አይናቁ። የፍርስራሽ ሥዕል አያረጅም፤ የሚያረጀው ዋጋና ሰዓት ነው፤ እሱን ከስልክዎ ያገኙታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የተለየ መፈተኛ አለን። የፖርታ ካፔናን አደባባይ ይግለጡ። የአክሱም ሐውልት በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ ከታየ፣ መጽሐፉ ሐውልቱ ወደ አገሩ ከተመለሰበት ከ1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2005) በፊት የተዘጋጀ ነው። ለማስታወሻ ካልሆነ ብዙ አይክፈሉበት። ፓንቴዎን መግቢያው ነፃ ነው የሚል ካገኙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ክፍያ ከመጀመሩ በፊት የተጻፈ ነው፤ ይህኛው ግን ዋጋው ከረከሰ ይግዙት።

ለማን ተጻፈ? መቅድሙን ማንበብ አያስፈልግም፤ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እንዴት ወደ ከተማ እንደሚያስገባዎ ብቻ ይዩ። በቀጥታ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ የሚያደርሰው ባቡር ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ እኔ በማውቀው ዋጋ 14 ዩሮ ነው። በየጣቢያው እየቆመ የሚሄደው ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ተርሚኒ ባይደርስም ኦስቲየንሴ ጣቢያ ወርደው አጠገቡ ካለው የፒራሚዴ ጣቢያ በ1.50 ዩሮ ሜትሮ ይይዛሉ። ሁለተኛውን መንገድ የማይጠቅስ መጽሐፍ የተጻፈው ለእርስዎ ኪስ አይደለም።

ስሞቹ በጣሊያንኛም አሉ? ምልክቱና አውቶቡሱ ላይ የሚያነቡት ኮሎሴዎ የሚል ነው። ካርታው ተገንጥሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት በሌለበት ያወጣዎታል።

ስንት ይመዝናል? አንጸባራቂ ወረቀት ከባድ ነው፤ ርካሽ አየር መንገዶች ደግሞ በነፃ የሚያሳፍሩት ከወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። የሚፈልጓቸውን ገጾች ገንጥለው የሚይዙ ተጓዦች አሉ። መጽሐፍ መቅደድ ነውር ሆኖ ከታየዎት (ለእኔ ነውር ነው) ገጾቹን በስልክዎ አንስተው መጽሐፉን ቤት ይተዉት። ከገዙት በኋላ ማለቴ ነው፤ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ሌላ ጉዳይ ነው።