የቧንቧ፣ የተጣራና የታሸገ ውሃ፦ ለቤታችን የቱን እንምረጥ?

ጂንካ ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ሦስት ዓይነት ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ፈረቃው ደርሶ ቧንቧው በመጣ ቀን ከቧንቧው ይቀዳል፤ በጠፋ ቀን ከምንጭ በጀሪካን ያመጣውን በማጣሪያ አሳልፎ ይጠጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም መንገድ ሲወጣ ከሱቅ የታሸገ ይገዛል። ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። እያንዳንዱ ውሃ ከየትኛው ጉዳት እንደሚጠብቀንና ከየትኛው እንደማይጠብቀን ለይተን ስናውቅ ግን ምርጫው ራሱ ግልጽ ይሆንልናል። ስለዚህ ቀስ ብለን፣ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ጥርት ያለ ውሃ ስንል በዓይን ሲያዩት ደለልና ቀለም የሌለበትን ማለታችን ነው። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ስንል ደግሞ ቢጠጡት በሽታ የማያመጣውን ማለታችን ነው። የመጀመሪያውን ዓይናችን ይመሰክርልናል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ዓይን ምስክር ሊሆን አይችልም። በአሪ ደጋ ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ እንደ መስተዋት የጠራ ሊሆን ይችላል፤ ከምንጩ በላይ ሰው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ ግን ጥርት ማለቱ ከተቅማጥ አያድንም። በአንጻሩ ኦሞራቴ ላይ ከኦሞ ወንዝ የሚቀዳው ውሃ ደለል የተሸከመና ቡናማ ነው፤ ሆኖም በአግባቡ ከታከመ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ማከም ስንል በውሃው ውስጥ ያለውን ጎጂ ነገር ማስወገድ ወይም መግደል ማለታችን ነው።

አሁን ጎጂ ነገሮቹን በሦስት ክፍል እንያቸው። የመጀመሪያው ደለል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ አፈርና ብናኝ ማለት ነው። ሁለተኛው ተህዋስያን ናቸው፤ በዓይን የማይታዩ፣ በአብዛኛው ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር ወደ ውሃ የሚገቡ በሽታ አምጪ ሕያዋን ናቸው። ከእነዚህ ትልልቆቹ እንደ ጃርዲያና አሜባ ያሉት ናቸው፤ መካከለኞቹ ኮሌራንና ታይፎይድን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እጅግ ትንንሾቹ ቫይረሶች ናቸው። ይህን የመጠን ልዩነት ያዙልኝ፤ ስለ ማጣሪያ ስንነጋገር ያስፈልገናል። ሦስተኛው የሟሙ ነገሮች ናቸው፤ ጨው በወጥ ውስጥ እንደሚጠፋ ከውሃው ጋር አንድ የሆኑ ማዕድናት ማለት ነው።

ከሟሙት ነገሮች አገራችንን በብዛት የጎዳው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ፣ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው፤ ፍሎራይድ ሲበዛና ዘመን ሲቆይ አጥንትንም ያጣምማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጂንካ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በደጋው ጥግ ትገኛለች፤ ምሥራቃዊው የደቡብ ኦሞ ቆላ፣ ከወይጦ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው፣ ግን የስምጥ ሸለቆው አካል ነው። ስለዚህ እዚያ የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ቀማሽ ጨዋማነቱን ሊያውቅ ይችላል፤ ፍሎራይድን ግን በምላስ ማወቅ አይቻልም።

እስካሁን ያየነው ይህ ነው፦ ጎጂው ነገር ደለል፣ ተህዋስ ወይም የሟሟ ነገር ነው፤ ሦስቱም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ይህን ይዘን ወደ ቧንቧው እንለፍ።

የቧንቧ ውሃ ስንል ከጉድጓድ ወይም ከጎለበተ ምንጭ ተስቦ፣ በማጠራቀሚያ ከገባ በኋላ በመስመር ወደ ግቢ ወይም ወደ ቦኖ የሚታደለውን ነው። የጎለበተ ምንጭ የሚባለው ዙሪያው በግንብ ታጥሮና ተከድኖ፣ ጎርፍና ከብት እንዳይደርስበት የተደረገ ምንጭ ነው። በሥርዓት በሚሠራ መስመር ውሃው ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ባክቴሪያንና ቫይረስን የሚገድል ኬሚካል ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ከገደለ በኋላም ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ቀርቶ በመንገድ የሚገባውን አዲስ ተህዋስ መጠበቁ ነው። ይህ የሚቀረው ክሎሪን በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ሲሆን ውሃው ጥበቃ አለው ይባላል። ብዙ ሰው ግን የክሎሪን ሽታ ሲሸተው ውሃው የተበላሸ ይመስለውና ወደ ምንጭ ይሄዳል። ነገሩን በትክክል ስንረዳው ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ጠባቂው በቦታው እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ሽታው ካስቸገረ ውሃውን በተከደነ ዕቃ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

የቧንቧው ድካም ያለው በፈረቃው ላይ ነው። መስመሩ ሙሉ በሆነ ጊዜ ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ በስንጥቅ በኩል ውሃ ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም። ውሃው ሲቋረጥ ግን ቱቦው ባዶ ይሆንና በዙሪያው ያለውን እርጥበት፣ ቦይ ካለም የቦዩን ፍሳሽ፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ይህን ጠርጎ ነው። ስለዚህ ከብዙ ቀን በኋላ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ለልብስ፣ ለወለልና ለአትክልት ይሁን፤ ጠርቶ ለጥቂት ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ለመጠጥ ይቀዳ፤ የተቀዳውም ይታከም።

ከቧንቧው አፍ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሪቱ የተካሄደው የቤተሰብ የውሃ ጥራት ጥናት ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ውሃው ከሚቀዳበት ቦታ ይልቅ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ተበክሎ ተገኝቷል። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ቢጫ ጀሪካን አንሡና ጣታችሁን በአፉ አስገብታችሁ የውስጥ ግድግዳውን ዳስሱ፤ የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ካገኛችሁ እሱ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው። በውሃ ብቻ ማለቅለቅ አያስለቅቀውም። ሳሙናና ጥቂት ጠጠር ጨምሮ አጥብቆ ማንገጫገጭ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ግን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አይውልም። የሮቶ ማጠራቀሚያም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ክዳኑ በትክክል መግጠሙንና ታች የዘቀጠው ጭቃ መጠረጉን ማየት ይገባል። በበርሜል ውስጥ ጣሳ እያጠለቁ መቅዳት ደግሞ የእጅን እድፍ ሁሉ ወደ ውሃው ይዶላል። እኔ ብጠየቅ፣ ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃው ቤተሰብ ከማጣሪያ በፊት ክዳንና ታች ቧንቧ ያለው የመጠጥ ውሃ ማስቀመጫ ይግዛ እላለሁ። ያልተጠበቀ ዕቃ የትኛውንም ንጹሕ ውሃ ያረክሳል።

ቀጥለን ማጣሪያን እንመልከት። ማጣራት ማለት ውሃውን ቀዳዳ ባለው ነገር አሳልፎ ከቀዳዳው የሚበልጠውን ማስቀረት ነው። እንግዲህ አንድ ማጣሪያ ምን ያስቀራል የሚለው በቀዳዳው ስፋት ይወሰናል። በነጠላ ወይም በሌላ ጨርቅ ማጥለል ደለልንና ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳትን ያስቀራል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ በደቡብ ኦሞም ይታይ የነበረው የጊኒ ዎርም በሽታ የሚተላለፈው የትሉን እጭ በያዙ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን እንስሳት ስለሆነ በጨርቅ ማጥለል ለእሱ ትክክለኛ መከላከያ ነው። ኮሌራን ግን ጨርቅ አያስቆመውም፤ ባክቴሪያው በክሮቹ መካከል እንደ ልቡ ያልፋል። የሸክላ ማጣሪያ ከዚህ ይረቃል፤ በደንብ የተሠራው ጃርዲያን፣ አሜባንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ከቀዳዳው ስለሚያንስ ሊያመልጠው ይችላል። ፍሎራይድና ጨው ደግሞ ከውሃው ጋር የሟሙ ስለሆኑ ከጨርቅም ከሸክላም አብረው ያልፋሉ። እነሱን ለማስቀረት በግፊት የሚሠራ እጅግ ረቂቅ ማጣሪያ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ መምጠጫ ያስፈልጋል።

የሸክላ ማጣሪያ የያዘ ቤት ሁለት ነገር ይወቅ። ውሃው እያደር ቀስ ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ ቆሻሻው በሸክላው ላይ መቆለሉን ያሳያል፤ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ማሸት ይበቃዋል። በድንገት መፍጠኑ ግን ያሳስባል፤ ሸክላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አግኝቶ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ሸክላም ከጨርቅ አይሻልም።

ስለ ሽፈራውም እናንሣ፤ ቅጠሉ በደቡብ ኦሞና በኮንሶ የዕለት ምግብ ነውና። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ደለሉን አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል። ይህ ሰፊ ጥቅም ነው። ሆኖም መጀመሪያ የለየነውን እናስታውስ፦ ውሃውን ጥርት ያደርገዋል፤ ንጹሕ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ከጠራ በኋላ ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ይቀራል።

በማፍላት ላይ ብዙዎች የሚጠይቁት አለ። ውሃ በከፍታ ቦታ ቶሎ ይፈላል ይባላል፤ እውነት ነው። ጂንካ ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ኦሞራቴ ላይ በ99 ገደማ ይፈላል። ይህ ልዩነት ግን ሊያሳስበን አይገባም፤ ተህዋስያኑ የሚሞቱት ከዚህ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ውሃው ገንፍሎ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ይመከራል። ማፍላት ሦስቱንም የተህዋስ ዓይነት ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን በሊትር ያለው መጠን ይጨምራል። ማገዶውና ከሰሉም ይከብዳል። ለዚህ ነው እንደ ውሃ አጋር ያለ ፈሳሽ ክሎሪን ወይም የአኳታብ እንክብል የሚጠቅመው፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ደፍራሽ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው አስቀድሞ ይጥለል። ለደፍራሽ ውሃ የተዘጋጀው ቢሻን ጋሪ ደለሉን ማዝቀጥንና ክሎሪንን በአንድ ፓኬት ይዟል። ክሎሪን ባክቴሪያና ቫይረስ ላይ ይበረታል፤ ጃርዲያ ላይ ግን ይደክማል። የሸክላ ማጣሪያው ከዚህ ተቃራኒ ነበር። ስለዚህ አጣርቶ ክሎሪን መጨመር አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዝ ያደርጋል።

ወደ ታሸገው እንምጣ። የታሸገ ውሃ በፋብሪካ ታክሞ፣ አስገዳጅ የጥራት ደረጃ ተጠብቆ በጠርሙስ የገባ ውሃ ነው፤ እንደ አምቦ ካለው ከመሬት ማዕድኑን ይዞ ከሚወጣው የማዕድን ውሃ ይለያል። የምንከፍለው ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለእሽጉም ነው፤ ከፋብሪካ እስከ አፋችን ማንም እንዳልነካው የሚያረጋግጥልን እሽጉ ነውና። ክዳኑን ስትጠመዝዙ ቀለበቱ ቀጭ ብሎ ካልተለየ፣ ወይም የምርትና የማብቂያ ቀኑ ከጠፋ፣ አትጠጡት። በደቡብ ኦሞ ቆላ አንድ ተጨማሪ ነገር ተመልከቱ፤ ቱርሚም ሆነ ኦሞራቴ ላይ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የዋለውን ትታችሁ ከጥላ ውስጥ ያለውን ውሰዱ፤ ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሲቆይ የውሃውን ጣዕም ይለውጣል።

ወጪውንም እናስላ። አምስት ሰው በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ቢጠጣ በወር 300 ሊትር፣ ማለትም 150 ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ይሆናል። በአካባቢያችሁ ዋጋ አባዙትና ከአንድ የሸክላ ማጣሪያ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ስለዚህ የታሸገውን ለመንገድ፣ ለጎርፍና ለወረርሽኝ ጊዜ፣ ለጨቅላ ሕፃን የዱቄት ወተት መበጥበጫ ብናቆየው ይበጃል።

ባዶው ጠርሙስ፣ እኛ ሃይላንድ የምንለው፣ ሌላም ሥራ አለው። ቀለም የሌለውና ያልተጫጫረ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ሃይላንድ ወረቀቱ ተልጦ፣ በጠራ ውሃ ተሞልቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ለስድስት ሰዓት በአግድም ቢተኛ የፀሐይ ጨረር ተህዋስያኑን ይገድላል። ደመና ከበዛ ሁለት ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋል። ማገዶም ክሎሪንም በሌለበት የዳሰነች ወይም የሐመር መንደር ይህ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ሕክምና ነው፤ የኦሞ ውሃ ግን በቅድሚያ መዝቀጥና መጥለል አለበት።

እንግዲህ ጂንካ ከተማ ቧንቧ ያለው ቤት ቧንቧውን ይያዝ፤ በፈረቃ ለሚመጣው ክሎሪን ይጨምርበት ወይም ያፍላው፤ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጠው። ከምንጭ የሚቀዳ ቤት የሸክላ ማጣሪያና ክሎሪን አብሮ ይጠቀም። ከወይጦ በታች ጉድጓዱ ጨዋማ የሆነበት ሰው፣ ማፍላትም ሸክላም ስለማይረዱት፣ ምርመራውን ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ እስከዚያው የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ ማጠራቀም የተሻለ መንገድ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ነው። ልጅ በአተት፣ ማለትም በአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ተይዞ ኦ.አር.ኤስ የሚበጠበጥበት የታከመ ውሃ ከሌለስ? አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለመስፈሪያ ይመቻል። የፈላ ወይም የታሸገ ውሃ ካለ እሱ ይሁን። ከሌለ ግን በእጅ ያለው ከሁሉ የተሻለው ውሃ ይወሰድና አሁኑኑ ይሰጠው፤ ሕፃኑን በሰዓታት ውስጥ የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። ሌላው ሰው ምድጃ ላይ ውሃ ይጣድ፤ ሁለተኛው ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘው ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈ የተረፈው ይደፋል። ልጁም እየጠጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።