የሚጥል በሽታና የቅባት ምግብ፦ ሐኪሙ ለምን ያመነታል?

አንዲት እናት የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅዋን አዝላ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ወጥታለች እንበል። ውጭ አገር ያለ ዘመድዋ «ይህን በሽታ የሚያቆም ምግብ አለ» ብሎ ጽፎላታል። እኛን ብትጠይቀን ምን እንመልስላታለን?

ነገሩ ተረት አይደለም። ጾም ይህን በሽታ ጋብ እንደሚያደርግ ሐኪሞች ቀድመው አይተው ነበር፤ ሰው ግን ዘወትር ጾሞ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒኩ ራስል ዋይልደር፣ ቅባት አብዝቶ እህልና ስኳር በመቀነስ ሰውነት እንደ ጾመ ሰው ስብ እንዲያቃጥል ማድረግ ይቻላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ምግቡም ኬቶጀኒክ ተባለ። በ1938 ፌኒቶይን ሲመጣ ኪኒን መዋጥ ስለሚቀል ብዙዎች ተዉት። በ2008 ደግሞ መድኃኒት ባልበጃቸው 145 ልጆች ላይ በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ታተመ። ምግቡን ከጀመሩት ከመቶ 38ቱ ሕመሙ የሚጥላቸው ጊዜ በሦስት ወር ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ካልጀመሩት ከመቶ 6ቱ ብቻ።

ታዲያ ሐኪሙ ለምን ያመነታል? ምግቡን በቅጡ ያልተማረ ሐኪም አለ፤ ቤተ ሰቡ አይችለውም ብሎ ሳይጠይቅ የሚተወውም አለ። ይህ ሊታረም ይገባዋል። ግን በቂ ምክንያት ያለው ሐኪምም ብዙ ነው። በጥንቱ አሠራር ለ1 ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4 ግራም ቅባት በሚዛን ይለካል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንችና ማር ይቀራሉ፤ ቅቤ፣ ዘይትና እንቁላል ይገባሉ። የጾም ማዕዳችን ግልባጭ መሆኑ ነው! የቅቤውንም ዋጋ የምታውቀው እናቲቱ ናት። ምግቡ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ፣ እድገት ሊያዘገይ ይችላል፤ ስብ ማቃጠል የማይችል ሰውነት ይዞ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ለሞት ያሰጋል። ስለዚህ አስቀድሞ ምርመራ፣ ከዚያም የአመጋገብ ባለሙያ ክትትል ያስፈልጋል። ከጥቂት የተለዩ ሕመሞች በቀር ሐኪሞች ምግቡን የሚያስቡት ሁለት መድኃኒቶች በትክክል ተወስደው ሳይበጁ ሲቀሩ ነው።

«በትክክል ተወስደው» የሚለው ላይ እንቁም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሕሙማን ማግኘታቸውን በ1990 አሳትመዋል፤ ከሺህ 5 ያህል መሆኑ ነው። በአገራችን ብዙ ሕሙማን አንዱን መድኃኒት እንኳ ሳያቋርጡ አልወሰዱም። ርካሹን ፌኖባርቢታል በድንገት ማቆም የማያባራ መንፈራገጥ ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። በጠበል ሰሞን ኪኒኑን የሚያቆሙ አሉና እናቲቱን ከሁሉ በፊት ስለዚህ እንጠይቃት። አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ኤድስ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምረው ነበር፤ ይህን ማስታወስ ከክርክር ይሻላል።

ኪኒኑን ስንት ቀን እንደ ዘለለ፣ በወር ስንቴ እንደሚጥለው በደብተር እንጻፍላትና አብረናት ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቅቤውን በራስዋ አትጀምር። ልጁ ሲወድቅ ከእሳት እናርቀው፣ በጎኑ እናስተኛው፣ በአፉ ምንም አናስገባ። ክብሪት ማሽተቱም ይቅር። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ተሸክሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።