የሚወዱት ሥራ ወይስ የተረጋገጠ ገቢ?

(የማመዛዘኛ ድርሰት አጻጻፍ)

ሀ. መግቢያ

የማመዛዘኛ ድርሰት ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ የእያንዳንዱን ክብደት መርምሮ፣ በመጨረሻ ከውሳኔ የሚደርስ የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው የሚደግፈውን ሐሳብ ብቻ ቢደረድር ሰበከ እንጂ አላመዛዘነም። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጣሊያን ወረራ የተላቀቀችው ኢትዮጵያ መሐንዲሶችን አጥብቃ ትሻ ስለ ነበር፣ ሙያው ክብርም እንጀራም ነበረው። የእርሳቸው ልብ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ በለንደንም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል የሥዕል ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የባለ ቀለም መስታወት ሥራን አጠኑ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን የሚያስጌጠው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስታወት ሥዕል የዚያ ጥናት ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንም። ወላጆቹ ያረጁበት፣ ታናናሾቹም የደብተር መግዣ ከእርሱ የሚጠብቁ ወጣት የወር ደመወዝና ጡረታ ያለውን ሥራ ቢመርጥ ፈሪ ሊባል አይገባም። ምንም እንኳ ብሩሹን የሚያነሣው በዕረፍት ቀን ብቻ ቢሆንም፣ ጥበቡን ክዷል አይባልም። በአንጻሩ፣ የሚጦረው ሰው ሳይኖር ድህነትን በመፍራት ብቻ ተሰጥኦውን የቀበረ ሰው፣ ደመወዙ ሲያድግ ቁጭቱም አብሮ ያድግበታል።

ስለዚህ «የቱ ይበልጣል?» ከማለት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ በእኔ ገቢ የሚኖረው ማን ነው? የምወደው ሥራ እንጀራ እስኪሆነኝ ስንት ዓመት መታገሥ እችላለሁ? እስከዚያስ በምን እኖራለሁ? ሠዓሊውም ቢሆኑ ጥናታቸውን የቀጠሉት በፍቅር ብቻ ሳይሆን ትርኢታቸው ባስገኘው ገንዘብ ጭምር ነበር።

ሐ. የቋንቋ ማስገንዘቢያ

1. «ምንም እንኳ» ሲገባ፣ በጥገኛው ሐረግ ግሥ ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት «ብ»፣ ከኋላ «ም» ይጨመራል።
ምሳሌ፦ ምንም እንኳ ደመወዙ ቢያንስም፣ ሥራውን ይወደዋል።
2. «ይሁን እንጂ» ቀድሞ የተነገረው ሐሳብ ከልኩ እንዳያልፍ ይገታል፤ «በአንጻሩ» ግን ሌላውን ወገን ያቀርባል። ሁለቱም ከምንባቡ ውስጥ የገቡበትን ቦታ አስተውሉ።

መ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በ«ምንም እንኳ» አያይዙ።
   ሀ. እርሻ ያደክማል። ገበሬው መሬቱን አይተውም።
   ለ. የባንክ ሥራ አገኘች። ልቧ ከመምህርነት አልራቀም።
2. በምንባቡ ሁለተኛ አንቀጽ የተጠቀሱትን ሁለት ሰዎች የሚለያቸው ሁኔታ ምንድን ነው?
3. በዚሁ ርእስ አራት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው ጥያቄውን አቅርቡ፤ በሁለተኛው የማትቀበሉትን ሐሳብ፣ በሦስተኛው የምትደግፉትን፣ በአራተኛው ውሳኔያችሁን ግለጹ። ሁለተኛውን አንቀጽ የሐሳቡ ደጋፊ አንብቦ «እውነት ነው፤ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አሟልታችሁ ጻፉ።